እምቢ ስንት ጊዜ ይባላል

አባቴ ምግብ ሲቀርብለት በመጀመሪያው ጥሪ እጁን ዘርግቶ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ሲቆፍር ውሎ አንጀቱ ታጥፎ እንኳ ቢገባ፣ ሳህኑን ሳቀርብለት መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ «አሁን በላሁ እኮ» ይላል። የት እንደበላ አይናገርም። ሁለተኛ ስለምነው «ተይው ልጄ፣ ለልጅቷ ይሁን» ይላል። ሦስተኛ «በሞቴ» ስለው የተሸነፈ ሰው መስሎ ቀረብ ይልና ሳህኑን አጽድቶት ይነሳል። እኛ ቤት የመጀመሪያው እምቢ እንደ ሰላምታ የሚቆጠር ነው። ሁለተኛውም ቢሆን ከጨዋነት አያልፍም። መልሱን የሚሰጠው በሦስተኛው ነው፣ እሱንም አሳምሮ።

እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ብሩክሊን ሴንተር የተወለደችው ልጄ ይህን ነገር ፈጽሞ ልትረዳው አልቻለችም። ያን ጊዜ ሰባት ዓመቷ ነበር። የድንች ጥብሷን ከፊቱ ታስጠጋና «ግራንድፓ፣ ዬስ ኦር ኖ?» ትለዋለች። እሱ እየሳቀ እጁን ሲያወዛውዝ «ኦኬ» ብላ ሁሉንም ትበላበታለች። እኔ እቆጣታለሁ። «ትልቅ ሰው ይለመናል» እላታለሁ። አሁን ሳስበው ከሁላችንም ቀድማ የዚህን አገር ሕግ ያወቀችው እሷ ነበረች።

ነገሩ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። እኔ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሌዎችን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፤ ባሌ ፎርት ስኔሊንግ ኤርፖርቱ ጋ ታክሲ ይዞ ተራ ይጠብቃል። በብድር የገዛናት ባለ ሁለት መኝታ ቤት ነበረችን። እናቴ ስትሞት አባቴን ከደሴ አመጣሁት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት መስኮት ሥር ተቀምጦ ውጭውን ሲያይ ከረመ። እኔ የአገር ናፍቆት ነው ብዬ ሳዝንለት ሰነበትኩ። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ «ይሄ ጦም ያደረ መሬት የማን ነው?» አለኝ። ለካ የሚያየው እሱን ኖሯል።

ከቤታችን ጎን አንድ ቤት የሚያሠራ ባዶ ቦታ ነበር። ከሣርና ከአንዲት ትንሽ የፖም ዛፍ በቀር ምንም የለበትም። ከቦታው ማዶ ያለው ቤት የአንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ነው፤ ባዶ ቦታውም የእሳቸው ነው። ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጡ፣ ክረምት ከበጋ አንዲት አረንጓዴ ኮፍያ ከራሳቸው የማትወርድ ሰው ነበሩ። ሄጄ አባቴ ቢቆፍርበት ይፈቅዱ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ሣሩን ማጨድ ከሰለቸኝ ቆይቷል፣ ይቆፍርልኝ» አሉኝ።

አባቴ ስለ መሬት ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል። በጎልማሳነቱ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ባለው በኩል ትንሽ መሬት ገዝቶ ነበር። ታሪኩን በልጅነቴ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ሻጩ ጎረቤቱ ነው። መጀመሪያ መጥቶ «ላንተ ልሽጥልህ» ሲለው አባቴ «አይሆንም፣ ለልጆችህ ይሁን» አለው። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ፤ አሁንም አይሆንም አለው። ሦስተኛ ሽማግሌ ይዞ ሲመጣ እሺ አለ፣ ምስክሮች ተቀመጡ፣ ተፈራረሙ፣ ዱዓ ተደረገ። ሁለት ክረምት አረሰው። ከዚያ መሬት የሕዝብ ነው ተባለና ተወሰደ። ከዚያ ወዲያ በአገራችን መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። እኔ ተወልጄ እስካድግ መሬት ሲሸጥ ያየሁት በአባቴ ወሬ ውስጥ ብቻ ነው። እሱ ግን ያቺን ሁለት ክረምት አልረሳትም። «እኔ እኮ ባለመሬት ነበርኩ» ይላል፣ ሌላው ሰው ወታደር ነበርኩ እንደሚለው።

እንዲህ ሆኖ ሁለት በጋ አለፈ። አሁን ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ያ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥሩ ጊዜ አይቼ ሊሆን ይችላል፣ ልቤ የሚሄደው ግን ወደዚያው ነው። ከሥራ ደክሞኝ ስመለስ ሁለቱ ሽማግሌዎች ባዶው ቦታ ላይ ይሆናሉ። አባቴ ጎንበስ ብሎ ጎመን ይኮተኩታል፣ ፈረንጁ የውኃ ጎማ ይዘው ቆመዋል። አንዱ በወሎ አማርኛ፣ አንዱ በእንግሊዝኛ ያወራሉ። አይግባቡም፣ ግን ተራ ይጠባበቃሉ። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀጥላል። እኔ ጫማዬን ደረጃው ላይ አውልቄ ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ፣ ልጄ በብስክሌቷ ትዞራቸዋለች።

የመጀመሪያው ጎመን የደረሰ ዕለት አባቴ አንድ እቅፍ ቀጥፎ ሰጣቸው። «ኖ፣ ኖ፣ ብዙ ነው» አሉ ሽማግሌው። ደገመላቸው። «አይ፣ ለቤተሰብህ ይሁን» አሉ። ሦስተኛ ሲገፋላቸው ተቀበሉት፣ ኮፍያቸውንም ነካ አድርገው አመሰገኑ። አባቴ ፊቱ እያበራ ገባ። «ይሄ ጎረቤቴ የእኛ ሰው ነው» አለኝ። «ሦስት ጊዜ አስለመነኝ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰውየው ላይ ያለው እምነት በእኔ ላይ ካለው ሳይበልጥ አይቀርም።

ሁለተኛው በጋ አልቆ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር አባቴ ነጭ ሽንኩርት ተከለ። እዚህ አገር ነጭ ሽንኩርት ከብርዱ በፊት ተቀብሮ በረዶው ሥር ከርሞ በጸደይ እንደሚበቅል ያስተማሩት ሽማግሌው ናቸው። መጀመሪያ አላመነም ነበር፤ ከዚያ ባለፈው ዓመት ሞክሮ ሲበቅል አይቶ ተገረመ። ዘንድሮ አምስት መስመር ዘረጋ።

ተክሎ ከጨረሰ በኋላ ባለችው ቅዳሜ ሽማግሌው የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው አጥሩ ጋ መጡ። ኮፍያቸው እጃቸው ላይ ናት። እሷን አውልቀው ሳያቸው ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነበር። እንዳስተረጉምላቸው ጠሩኝ።

ልጆቻቸው ብቻቸውን እንዳይኖሩ ብለው ሴይንት ፖል ከተማ ውስጥ የሽማግሌዎች አፓርታማ አግኝተውላቸዋል። ቤቱንና ባዶውን ቦታ አንድ ላይ ሊገዛ የተዘጋጀ የቤት ሥራ ተቋራጭ አለ። «ቦታው ግን ከቤቱ የተለየ ነው፣ ለማን እንደምሸጠው የምወስነው እኔ ነኝ» አሉ። «አባትሽ እንዲወስደው ነው የምፈልገው።» ከሸሚዛቸው ኪስ ወረቀት አወጡ። በእጃቸው የጻፉት ነው። የቦታው ልክ፣ ዋጋው፣ ፊርማቸው፣ እስከሚቀጥለው እሑድ ድረስ የሚጸና መሆኑ፣ ከታች አባቴ የሚፈርምበት ባዶ መስመር። ዋጋው ባሌ ሁለተኛ እጅ ከገዛት ታክሲ ያነሰ ነበር።

ነገርኩት። አባቴ አንገቱን ደፋ። ጆሮው ሲቀላ አየሁ። ከዚያ ቀና አለና ያ መዳፉ ወደ ደረቱ ወጣ።

«አይሆንም በይው» አለ። «ይሄ ዋጋ አይደለም፣ ስጦታ ነው። ከጎረቤቴ እንዲህ ያለ ነገር አልቀበልም። ለልጆቹ ይሁን።»

እኔ መጦሪያው ውስጥ ለነርሶቹ አማርኛ ተናጋሪ በመጣ ቁጥር አስተረጉም ነበር። ስልጠናም ሰጥተውኛል። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፣ አስተያየትሽን ለራስሽ ያዢ፤ እሱ ነው ሕጉ። በዚህ ሥራዬ ኩራት ነበረኝ። ቀጥ ብዬ ቆሜ ተረጎምኩ። አይሆንም ይላል፤ ዋጋው በጣም አንሷል፣ ስጦታ ነው፣ ሊቀበል አይችልም፤ ለልጆችዎ ይሁን ይላል፤ አልኳቸው።

ሽማግሌው እኔን አዩ፣ አባቴን አዩ። «ኦኬ» አሉ። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፣ ኮፍያቸውን አደረጉ፣ «ጊዜያችሁን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ» ብለው ሄዱ። አንድ ቃል አፌ ላይ መጣና ዋጥኩት። አባቴ ግን እያንጎራጎረ ገባ።

ያን ሳምንት እንደሆነው ሆኖ አይቼው አላውቅም። ወጣት ሆነ። ማለዳ ይነሳና ቦታውን በእርምጃ ይለካል። የት በኩል ድንች፣ የት በኩል ባቄላ እንደሚሆን ለልጄ እያሳየ ይነግራታል። ሰኞ «ዛሬ ይመጣል» አለ። ማክሰኞ «ዕቃ እያሰናዳ ይሆናል» አለ። ሐሙስ ማታ እራት ላይ ግን «አፍሮ ነው የቀረው፣ ሽማግሌ ይዘን እኛው እንሂድለት» ብሎ ቆረጠ።

ባሌ ጉርሻውን አቁሞ «አባባ፣ ለምን ወረቀቱን ዛሬውኑ ሳይን አያደርጉም?» አለው። «እዚህ አገር ኦፈር ሲመጣ ቶሎ ነው አክሴፕት የሚደረገው። ልጠይቅልዎት?»

«ሽማግሌ ሳይቀመጥ መሬት ይገዛል?» አለ አባቴ። ባሌ ወደ እኔ አየ። እኔ ደግሞ ወደ ሳህኔ። አባቴን ማሳፈር ፈርቼ ነው። እስከ እሑድ ይላል ወረቀቱ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ መጡ። አንዱ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ሱቅ ያላቸው የአዲስ አበባ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ክርስቲያን ናቸው፣ አባቴ ግን ለሽምግልና ከእሳቸው ሌላ ሰው አይታየውም። ሁለተኛው የባሌ የሥራ ባልደረባ፣ የኮምቦልቻ ልጅ፣ ሺፍት ቀይሮ የመጣ። አባቴና ባሌ ተጨመሩና አራት ሙሉ ልብስ የለበሱ ወንዶች የነጭ ሽንኩርቱን መስመር ላለመርገጥ በጠርዙ ተሰልፈው ሲሄዱ፣ ሙሽራ ልንጠይቅ የምንሄድ እንመስል ነበር። እኔ ከኋላ ነኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ፈረንጁ ሽማግሌ በሩን ከፍተው ሲያዩን ሃይማኖት ሰባኪዎች መስለናቸው ሊዘጉት ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ አባቴን አዩት። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ጉርብትና ረጅም መግቢያ ጀመሩ። እኔ እየቆራረጥኩ ተረጎምኩ። ስለ ቦታው መሆኑ ሲገባቸው የፈረንጁ ፊት አመድ መሰለ።

«እምቢ ብሎኝ እኮ ነው» አሉ። «ረቡዕ ዕለት ለተቋራጩ ፈርሜ ሸጥኩት።»

«እስከ እሑድ ነበር እኮ የሚለው» አለ ባሌ።

«እምቢ ብሎኝ እኮ ነው» አሉ ደግመው፣ እሱን ሳይሆን እኔን እያዩ።

አባቴ «ምን አለ?» አለኝ። ነገርኩት። ጋሼ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። አባቴ ለሽማግሌው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ዞሮ ወጣ። ሲመለስ በጠርዙ አልሄደም፣ የራሱን ነጭ ሽንኩርት እየረገጠ ነው ያለፈው።

ጋሼ ተስፋ አልቆረጡም። ማክሰኞ ዕለት እኔንና አባቴን ሱቃቸው አጠገብ ቢሮ ወዳላት አንዲት ጠበቃ ወሰዱን። ያኔ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ባቡር የለም፤ አውቶቡሱ መስኮቷ ሥር እየቆመ መስታወቱን ያንቀጠቅጠው ነበር። ጠበቃዋ ደግ ሴት ናት። ሁሉንም ጨርሼ እስክነግራት ጠበቀችኝ። ከዚያ በቀስታ አስረዳችን። የመሬት ሽያጭ በአፍ አይጸናም፣ በጽሑፍና በፊርማ ነው። ሰውየው ያቀረቡት ሐሳብ ጥሩ ነበር፣ ብትፈርሙበት ኖሮ ያስራቸው ነበር። የቀረበለት ሰው እምቢ ካለ ግን ሐሳቡ እዚያው ይሞታል፣ ቀኑ ቢኖርም ባይኖርም። ከዚያ በኋላ እሺ ቢል አዲስ ጥያቄ እንዳቀረበ ነው የሚቆጠረው። እምቢ ባይልም ኖሮ፣ ባለመሬቱ እስከ እሑድ ለመጠበቃቸው የተለየ ክፍያ ስላልተቀበሉ፣ እሺ ከመባላቸው በፊት ሐሳባቸውን ማንሳት ይችሉ ነበር።

አባቴ ሁሉንም ሰማ። ከዚያ «ጠይቂያት» አለኝ። «እዚህ አገር ስንት ጊዜ እምቢ ማለት ይፈቀዳል?»

ጠየቅኳት። ያልተረዳኋት መስሏት መጀመሪያ እኔን አየች። ከዚያ አባቴን አየችው። መዳፉ ደረቱ ላይ ነበር። የገባት ይመስለኛል፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አንድ» አለች፣ ጣቷንም አነሳች። መተርጎም አላስፈለገኝም።

መኪና ውስጥ ብሩክሊን ሴንተር ስንቃረብ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ «ያን ቀን ምን ብለሽ ነገርሽው?» አለኝ።

«ያልከውን አባዬ። አንዲት ቃል አላጎደልኩም።»

«ያልኩትንማ ለምን ነገርሽው?» አለ።

በጣም ተናደድኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ቃል በቃል ተርጉሚ እየተባልኩ፣ አሁን ደግሞ ለምን ተረጎምሽ እባላለሁ ብዬ መሪውን በጥፊ መታሁት። ቤት ስደርስ ማጠቢያው ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ምክንያቱም እውነቱን ነው። ከደሴ የመጣሁት እኔ፣ ሦስት ጊዜ ሲለመን ሳየው ያደግኩት እኔ፣ «ቆይ፣ አንድ ጊዜ ይድገሙለት» ማለት የምችለው በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ። እዚያ አጥር ላይ ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም።

ሽማግሌው በረዶው ሳይወርድ ሄዱ። ዕቃ በሚጫንበት ቀን አባቴ ወጥቶ ጨበጣቸው። ሁለቱም ረዥም ጊዜ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙ፣ እኔም እንዳስተረጉም አልተጠራሁም። ክረምቱን ሙሉ አባቴ ወንበሩን ወደ ሌላኛው መስኮት አዛውሮ መንገዱን ሲያይ ከረመ። ባለመሬት ነበርኩ ማለቱንም ተወ።

በጸደይ ነጭ ሽንኩርቱ በቀለ። አምስቱም መስመር፣ የተረገጠውም ጭምር። በዚያው ሳምንት ቆፋሪው ማሽን መጣ። የሠራተኞቹ አለቃ፣ ቢጫ ቆብ ያጠለቀ ጎረምሳ፣ አባቴ አጥሩ ሥር ቆሞ ሲያይ አየውና ቡቃያውን በእጁ እያመለከተ ጮክ ብሎ «ይሄ ያንተ ነው? ማሽኑ ሳይገባ ትፈልገዋለህ?» አለው። እኔ ልተረጉምለት አፌን ከፈትኩ።

«ዬስ» አለ አባቴ።

እኔን አልጠበቀም። ደረቱንም አልነካም። ልጄ ደረጃው ላይ ቆማ አፏን ከፍታ ቀረች። አጥሩን ዞሮ ገባና በጉልበቱ ተንበርክኮ እያንዳንዱን ከነአፈሩ እያወጣ በባልዲ፣ በድስት፣ ባሌ መኪናውን በሚያጥብበት ሳፋ ጭምር ወደ ግድግዳችን አጓጓዘው። አለቃው ማሽኑን አስቁሞ ጠበቀው። ያን ዕለት ለአባቴ በጣም አዘንኩለት። በመጀመሪያው ጥሪ እሺ ማለቱ ሳያስደስተኝ ቀረ።

አሁን ቦታው ላይ ሰማያዊ በር ያለው ቤት አለ። ደግ ሰዎች ናቸው የሚኖሩበት። የፖሟን ዛፍ ግን ቆርጠዋታል።

ነጭ ሽንኩርቱ በሐምሌ ደረሰ። አባቴ ግማሹን ጎንጉኖ ከረጢት ውስጥ ከተተና «ጎረቤቴ ጋ ውሰጂኝ» አለኝ። ሴይንት ፖል ሄድን። ሽማግሌው ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ ቤት ውስጥ ኮፍያቸውን አድርገው ተቀምጠዋል። ከስተዋል። አባቴን ሲያዩ ወንበራቸውን ተደግፈው ተነሱ። አባቴ ከረጢቱን ሰጣቸው።

«ኖ፣ ኖ፣ ብዙ ነው» አሉ።

ደገመላቸው። «አይ፣ ለቤተሰብህ ይሁን» አሉ። ሦስተኛ ሲገፋላቸው ተቀበሉና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። አንዷን አንስተው አሸተቷት። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩ።

«እኔም እንዲህ ነኝ፣ እሱም እንዲህ ነው» አሉኝ። «ሁለት በጋ አብሬው ስኖር አውቄዋለሁ። ወረቀቱ እስከ ረቡዕ ኪሴ ውስጥ ነበር። በርህን አንኳኩቼ ሁለተኛ መጠየቅ ነበረብኝ በይልኝ።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አባቴ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ያያል። ከወንበሩ ወደ ፊት ተጠጋ።

«ምን አለ?» አለኝ።

አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«እንዲህ የሚሸት ነጭ ሽንኩርት በዕድሜዬ አላየሁም ነው ያለው» አልኩት።

አባቴ ሳቀ። ሽማግሌ ይዘን ከሄድንባት ቅዳሜ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። እስኪሞት ድረስም እውነቱን አልነገርኩትም። ወንበሩን ተደግፎ ፈታ ብሎ ተቀመጠና «ለከርሞም አመጣለታለሁ በይው፣ ቃሌ ነው በይው» አለኝ።

እሱን ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው።